የሚያስለው ደጋፊ

በዚያን ቀን ጠዋት አባታችን ኮቱን አጣ። ጠፋበት ማለቴ አይደለም፤ የት እንዳለ ያውቃል፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ችግሩ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እህቴም ነበረች። በሩን ከውስጥ ስባ ዘግታ፣ በአምስት ካፖርትና በሁለት ብርድ ልብስ መሀል ተኮራምታ፣ ስልኳን አፏ ሥር ይዛ፣ ስክሪኑ ላይ የቆየ ጨዋታ እያየች፣ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ኳስ ታስተላልፋለች። ሳጥኑ «ወደ ቀኝ ከፈተለት፣ ተከላካዩ ተንሸራተተ፣ አልደረሰባትም፣ አልደረሰባትም!» እያለ ይጮኻል፤ አናቱ ላይ የተደረደሩት ሻንጣዎች ይንቀጠቀጣሉ። ልብስ የድምፅ ማስተጋባት ይበላል ብለው አስተምረዋታል፤ ያለው ስቱዲዮ ይከራያል፣ የሌለው ቁም ሳጥን ይገባል። አባታችን በሸሚዝና በከረባት ሳጥኑ ፊት ቆሞ እንደ ባለጉዳይ ተራውን ይጠብቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ ሰው ማስቆም እንጂ መቆም አልለመደም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«ስንተኛው ደቂቃ ላይ ናት? ጠይቃት።»

አንኳኳሁ። «ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነሽ ይላል።»

«ሰማንያ ሁለት» አለ ሳጥኑ። «የባከነ ሰዓትም አለ በለው።»

በቤታችን ነገር የሚሄደው እንዲህ ነው። አባትና ልጅ በቀጥታ ካልተነጋገሩ ስምንተኛ ወራቸው። የአባቴ ምኞት ሕግ እንድትማር ነበር፤ እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ተሸክሞ በገባበት በር እሷ የጠበቃ ካባ ለብሳ ስትገባ በህልሙ ስንት ጊዜ አይቷታል። እሷ ግን የመጀመሪያ ዲግሪዋን በቋንቋ ይዛ፣ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት መጽሔት ስታርም ቆይታ፣ አንድ ቀን የድህረ ምረቃ መግቢያ ደብዳቤዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «የስፖርት ጋዜጠኝነት» ይላል። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ «ለኳስ ማስተርስ? ለብይስ ዶክትሬት አለው?» አለ። እሷም «ካለው እመዘገባለሁ» አለች። ያ የመጨረሻቸው ሆነ። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ያለሁት የስልክ መስመር እኔ ነኝ። ታማኝ መስመር ነኝ አልልም። እሱ «መብራት ታጥፋ በላት» ሲል፣ እኔ «በርቺ፣ አይዞሽ ይላል» ብዬ አደርሳለሁ። እሷ «ያስቀመጥኩትን ጋዜጣ አያንሳብኝ» ስትል፣ «ኮቱ አምሮበታል አለች» እላለሁ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባል የለ? ሁለቱም አያምኑኝም፤ ሁለቱም ግን ይሰሙኛል።

እህቴ የማታምነኝ በማስረጃ ነው። እኔ አሥራ አንድ፣ እሷ ሰባት ዓመት ሳለን፣ ትልቁ ጨዋታ የነበረ ዕለት የሬዲዮናችን ባትሪ አለቀ። ስታዲየም ድረስ ሮጬ፣ ግንቡ ላይ ተንጠልጥዬ አየሁ አልኩና ጨዋታውን ከፊሽካ እስከ ፊሽካ ተረኩላት። አራት ለሦስት። አንዱን ጎል ግብ ጠባቂው ከራሱ ሜዳ በጭንቅላቱ አስቆጠረ፤ ሌላዋ ኳስ መረቡን ቀድዳ ወጥታ የአንድ ፖሊስ ኮፍያ ይዛ ሄደች፤ ዳኛው አለቀሰ። እህቴ በማግስቱ ይህንኑ ክፍል ውስጥ ቆማ አወራች። መምህሩ ጋዜጣ አወጣና አነበበ፤ ዜሮ ለዜሮ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ «አራት ለሦስት» ነው የሚላት። እኔ በስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን ጥዬ ፀጉር አስተካካይ ሆንኩ፣ እሷ ዲግሪ ያዘች፣ ስሙ ግን አብሯት አደገ። እኔ ምንም ብነግራት መልሷ አንድ ነው፤ «አይተሃል?» ዝናብ ጣለ ስላት እንኳ መስኮት ትከፍታለች።

ሳጥኑ በዘጠና አራተኛው ደቂቃ ተከፈተ። እህቴ ላብ አጥምቋት ወጣች፣ አባቴ ሳያያት ኮቱን አወጣ፣ እሷም ሳታየው ቦርሳዋን አነሳች። ቦርሳው ውስጥ በላስቲክ የተሸፈነ አንድ ወረቀት ነበር፤ የዓመቱ ድካም ሁሉ ያለው እዚያች ወረቀት ላይ ነው። ሦስት ወር በሬዲዮ ጣቢያ የተግባር ልምምድ ያደረገ ተማሪ በመጨረሻው ቀን ዐሥር ደቂቃ በቀጥታ ሥርጭት ጨዋታ ያስተላልፋል፤ የጣቢያው የስፖርት ክፍል አለቃ ወረቀቱ ላይ «አልፋለች» ወይም «ወድቃለች» ብሎ ይፈርማል፤ ወረቀቱ በማግስቱ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ካልገባ ዓመቱ ተቃጠለ። «ወድቃለች» የሚል ከገባ መምህራኑ ተሰብስበው ይወስናሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚወስኑት ግን «ትድገም» ብለው ነው። መድገም ደግሞ በእኛ ቤት ስምንት ወር ዝምታ ላይ ሌላ አሥራ ሁለት መጨመር ማለት ነው። ከወረቀቱ ግርጌ ማንም የማያነባት በደቃቅ ፊደል የተጻፈች መስመር ነበረች፤ «ተማሪው ከወደቀ ገምጋሚው ምክንያቱን በእጁ ጽሑፍ ያሰፍራል።» በዚያ ሳምንት አንድ ጠዋት ይህቺ መስመር በእርሳስና በማስመሪያ ቀጥ ተደርጋ ተሰምሮባት ተገኘች። እህቴ አላሰመረችም። እኔ እርሳስ ከነካሁ ዘመን ሆኖኛል። በቤታችን በማስመሪያ የሚያሰምር አንድ ሰው ነው ያለው፤ ማንም ግን አልጠየቀም፣ ማንም አልመለሰም።

የጣቢያውን የስፖርት አለቃ ሰዉ ሁሉ «ነጎድጓድ» ይለዋል። ሃያ ዓመት ኳስ ያስተላለፈ ሰው ነው። አንድ ጊዜ «ጎል!» ብሎ ሲጮህ በእኛ ሰፈር ምጥ ይዟት የነበረች ሴት መንታ ወለደች፤ ሐኪሙ የጠበቀው አንድ ነበር። ቡድናችን ሩቅ ከተማ ሄዶ ሲጫወት ነጎድጓድም አብሮ ሄዶ፣ «እዚህ ሜዳው ዳር ቆሜ እንደማየው» እያለ ያስተላልፋል። ሰዉ የሚያውቀው ይህንን ነው። እኔ የማውቀውን የነገረኝ ግን የጣቢያው ቴክኒሻን ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ሽቦ ይሉታል፣ በየሦስት ሳምንቱ እኔ ጋ ይስተካከላል፣ ሰው ደግሞ አንገቱ ላይ ምላጭ እያለ አይዋሽም። እንደ ሽቦ ወሬ ነጎድጓድ ከከተማ ወጥቶ ካላስተላለፈ አምስት ዓመቱ ነው። ሜዳው ዳር የሚባለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ፣ ጩኸቱ ማይክ እንዳይገባ ቬንትሌተሯ የሚጠፋባት ጠባብ ክፍል ናት። ጨዋታውን የሚያዩት በኢንተርኔት በሚመጣ ምስል፣ በአንድ ስክሪን ነው። የሕዝቡ ጩኸት ደግሞ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሌላ ጨዋታ የተቀዳ ነው፤ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ቅጂው ውስጥ አንድ የሚያስል ሰውዬ አለ። በየዐሥራ አንድ ደቂቃው፣ ጨዋታው የትም ይሁን የት፣ «እህ! እህ! እህ!» ይላል። ከተማው ይወደዋል። ቡድኑ በሄደበት አገር ሁሉ በራሱ ትራንስፖርት የሚከተል ጽኑ ደጋፊ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ከእኔ ሱቅ ጎን ዳቦ ቤት ያለው ወዳጄማ፣ «ይሄ ወንድማችን አንድ ቀን እዚያው ሜዳ ይሞታል፣ ለምን አዋጥተን አናሳክመውም?» ብሎ ወረቀት ሊያዞር ነበር። እውነቱን ልነግረው አፌ ድረስ መጣና ተውኩት። እንዲህ ያለ ውሸት የሚፈጥር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ቀናሁ።

እህቴ እዚያች ክፍል ሦስት ወር ስትቀመጥ ሥራዋ ብጣሽ ወረቀት መጻፍ ነበር። ይኸኛው ተጫዋች ስንት ኳስ ነካ፣ ያኛው ስንቴ ተነጠቀ፣ ቡድኑ በግራ በኩል ስንቴ ሞከረ፤ ትቆጥራለች፣ ትጽፋለች፣ ወደ ነጎድጓድ ታንሸራትታለች። እሱ ያነብና «እኔ እዚህ በዓይኔ እንደቆጠርኩት» ይላል። በዚያን ቀን ኮሪደሩ ላይ፣ ለቀጥታ ሥርጭቱ ወንበር ስታመጣ፣ ነጎድጓድ ለሽቦ ሲነግረው ሰማች፤ «ልጅቷ ትጠቅማለች። ካለፈች በብጣሽ ላይ አስቀራታለሁ። ማይክ ላይ ግን ይቺ ሞት ናት፤ ምናብ የላትም።» እህቴ ወንበሩን አስቀመጠችና ገባች። ሽቦ እንደነገረኝ ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም፤ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ብርጭቆ ሦስቴ ነው ቦታ የቀየረችው።

ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሱቄ ጢም ብሏል፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ አግዳሚ፣ የተሰነጠቀ መስታወትና ከመስታወቱ በላይ ሬዲዮ። ባለ ዳቦ ቤቱ ወዳጄ፣ በአጭሩ ዳቦ ቤቱ የምንለው፣ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ፣ ፊቱ እስከ ዓይኑ ሳሙና ለብሶ ይጠብቃል። ቡድናችን በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ አገባ፤ ነጎድጓድ ጮኸ፣ መቀሶቼ መሳቢያ ውስጥ ተንጫጩ፣ ወንድማችንም አሳለ። በስልሳ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ነጎድጓድ፣ «አሁን ደግሞ እዚሁ ሜዳው ዳር፣ ከጎኔ የቆመች የልምምድ ተማሪያችን ትረከበኛለች» አለ። አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አራት ለሦስት ናት እንዴ?» አለ አንዱ። «በሉ ጎል ቆጣሪ አምጡ፣ ዛሬ ሰባት ይገባል!»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ካልሳቅኩ ማን እኔ ጋ ይስተካከላል። እህቴ ግን፣ «ጤና ይስጥልኝ፤ የማየውን እነግራችኋለሁ» ብላ ጀመረች። ቆሜያለሁ አላለችም፣ ሜዳ ዳርም አላለችም። ድምፅዋ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደለመደው አጭር አጭር ነው፤ ኳሷ ያለችበትን፣ ማን እንደቀረባት፣ ከበስተጀርባ ማን እንደሮጠ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሳቁ ቆመ። በስድስተኛው ዳቦ ቤቱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሰማህ፣ ግራው ባዶ እንደሆነ እኮ ታየኝ» አለኝ። «ማን አስተማራት?» አልኩት። ምላጩን አንስቼ አንድ ጉንጩን ላጨሁ። ሰባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ኳሷ ከማዕዘን ተሻማች፤ «ወደ ግቡ አፍ እየመጣች ነው፣ አምበላችን ጀርባውን ሰጥቶ...» አለችና ተቋረጠች።

ያኔ ክፍሏ ውስጥ የሆነውን ከሽቦ ነው የሰማሁት። ምስሉ ደርቋል። ኳሷ አየር ላይ፣ አምበሉ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ግብ ጠባቂው እጁን ዘርግቶ፣ ሁሉም እንደ ፎቶግራፍ ቆመዋል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በወር ሁለቴ ይሆናል። ነጎድጓድ መላ አለው፤ ኳሷን ወደ ውጭ ያወጣታል፣ የእጅ ውርወራ ያደርጋታል፣ አንድ ተጫዋች መሬት ላይ ያስተኛና ወጌሻ ይጠራለታል፣ ምስሉ እስኪመለስ ያሳክመዋል። አንድ ጊዜ ምስሉ ሰባት ደቂቃ ቆሞ አንድ ተከላካይ በሬዲዮ ሦስት ጊዜ ቆስሏል፤ እናቱ ደውላ አልቅሳለች። እንግዲህ ነጎድጓድ ብጣሽ ወረቀት ሳበና ጻፈ፤ «ወደ ውጭ አውጪያት። የእጅ ውርወራ በይ።» ወደ እህቴ አንሸራተተው። ሦስት ወር ሙሉ ብጣሽ የሚሄደው ከእሷ ወደ እሱ ነበር። እህቴ ብጣሿን አነበበች፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችና ማይኩን ጠጋ አለች።

እኛ ሱቅ ውስጥ የሰማነው ይህን ነው፤ «ምስሉ ቆሟል። እኛ ያለነው ሜዳው ዳር አይደለም፤ ከተማችን ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በስክሪን ነው የምናየው። ኳሷ የት እንደደረሰች አላየሁም። ሳይ እነግራችኋለሁ።»

ምላጬ አየር ላይ ቀረ። ከሬዲዮው የዘጠኝ ዓመቱ ሕዝብ ብቻ ይጮኻል፣ ይጮኻል፤ ከዚያ ቀስ እያለ፣ እንደሚርቅ መኪና፣ ጠፋ። ያጠፋው ሽቦ ነው። ለምን አጠፋኸው ብዬ ጠይቄው ነበር፤ «እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ብሏል። ሬዲዮው ባዶ ሆነ። ዳቦ ቤቱ ከነሳሙናው ቀና ብሎ፣ በፈራ ድምፅ፣ «ወንድማችን ምነው? ሞተ እንዴ?» አለ።

እህቴ ባዶውን አልፈራችውም። ደብተሯን ገለጠችና፣ «እስኪመለስ እስካሁን ያየሁትን ልንገራችሁ» አለች። አምበሉ ከእረፍት በኋላ ስንቴ እግሩን እንደያዘ፣ ከማዕዘን የመጡት አራት ኳሶች ሁሉ እሱ ባለበት በኩል እንደተሻሙ፣ ግብ ጠባቂው ሁለቴ ጮሆ እንዳልሰማው። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ነው የተናገረችው። ነጎድጓድ በእጁ ጉሮሮውን እየቆረጠ ያሳያታል፤ እሷ አታየውም። ምስሉ ሲመለስ ተጫዋቾቹ መሀል ሜዳ ላይ ናቸው፣ ከስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ ለአንድ ይላል። «አንድ ለአንድ ሆኗል» አለች። «ማን እንዳስቆጠረ አላየሁም። ያየ ሰው እንጠይቅ።» የቡድናችንን ወጌሻ ስልክ ከሳምንት በፊት ይዛ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ቀን ብላ። ደወለችና ስልኩን ማይኩ ላይ ያዘችው። ወጌሻው እያለከለከ፣ «አምበላችን ነው እህቴ» አለ፤ «በተረከዙ፣ በገዛ ግባችን ላይ። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል እያልኩ ነበር። ይኸው እያለቀሰ ነው።» ከዚያ ጨመረ፤ «ግን እናንተ የት ናችሁ? አምስት ዓመት እዚህ ነን ስትሉ እሰማለሁ፤ እኔ አንድም ቀን አይቻችሁ አላውቅም።»

ነጎድጓድ ማይኩን የነጠቀው እዚህ ላይ ነው። ቀሪውን አስተላለፈ፣ ግን ሕዝብ አልነበረውም፤ ሽቦ መሣሪያው ተቃጠለ ብሎታል። ያ መንታ የሚያስወልድ ድምፅ በእንቁላል ካርቶን መሀል ብቻውን ሲጮህ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ሚስቱን የሚጠራ ሰው ይመስል ነበር። ሱቄ ውስጥ ግማሹ ተሳደበ፣ ግማሹ ሳቀ። «አምስት ዓመት እኮ ነው ያሾፈብን!» አለ አንዱ። ሌላው፣ «እሷስ ምን አገባት? ኳሷን ወደ ውጭ ብታወጣት ምን ትሆን ነበር?» አለ። ዳቦ ቤቱ፣ «አውጥታት ቢሆን ጎሉ ከየት መጣ ልትል ነው፣ ደደብ?» አለው። እኔ ግን ወረቀቷ ትዝ አለኝ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ በሙያዬ ብዙ ራስ ሲመለጥ አይቻለሁ፣ የእህቴን አፍ ግን ሲያመልጥ አላየሁም። አስባበት ነው። ፎጣዬን ጥዬ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ አንድ ጉንጩ ተላጭቶ፣ አንዱ በሳሙና እንዳለ፣ አንሶላው አንገቱ ላይ ታስሮ ተከተለኝ።

ጣቢያው ስንደርስ የነጎድጓድ ቢሮ ተዘግቷል። በቁልፍ ቀዳዳ አየሁ፤ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። ትልቁ ቡናማ ጫማ ወለሉን ይመታል፣ የእህቴ ጥቁር ጫማ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጧል። ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ዳቦ ቤቱ ከበላዬ ሳሙናውን አናቴ ላይ እያንጠባጠበ ጆሮውን ለጠፈ።

«ወድቀሻል» አለ ነጎድጓድ።

«ይጻፉት፣ ጋሼ።»

«ጽፌዋለሁ። ይኸው ፈርሜያለሁ። ሂጂ!»

«ምክንያቱም ይጻፍ። ግርጌ ላይ አለች፤ የተሰመረባት።»

ጫማው መምታቱን አቆመ። «ትእዛዝ አታከብርም ብዬ እጽፋለሁ።»

«ደስ እንዳለዎት። ትእዛዙ ምን ነበር ብለው መምህሮቼ ቢጠይቁኝ ግን ብጣሿ እኔ ጋ ናት። በእጅዎ ጽሑፍ ናት።»

ወንበር ተንቋቋ። ነጎድጓድ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር፤ ለስላሳ። «ስሚ ልጄ። ሃያ ዓመት ነው የሠራሁት። መኪና ስጡን ብዬ አመልክቻለሁ፣ አበል ብዬ አመልክቻለሁ፤ ስክሪን ሰጡኝ። ምን ላድርግ? ሰዉ ስታዲየም ነበር የፈለገው፣ ስታዲየም ሰጠሁት።» ወረቀት ተገላበጠ። «አዲስ ቅጽ አለኝ። አልፋለች ብዬ ልፈርምልሽ። ብጣሿን ስጪኝ፤ ነገ ጠዋት በአየር ላይ፣ ትናንት የተባለው የልምምድ ቀልድ ነበር ትያለሽ። በቃ። ከዚያ ማይክ እሰጥሻለሁ።»

ልንገራችሁ፤ እኔ ብሆን ተቀብዬ፣ ስሜው፣ እግረ መንገዴን ፀጉሩን በነፃ አስተካክዬው ነበር የምወጣው። በሩን ልደበድበው እጄን አነሳሁ። «ስጪው! ስጪውና ዲግሪሽን ያዢ!» ልል። ዳቦ ቤቱ እጄን ያዘኝ።

«ካለፍኩ በሠራሁት ነው የማልፈው» አለች እህቴ። «ከወደቅኩም በሠራሁት። ቀልድ ነበር አልልም፣ ጋሼ። ይጻፉ። እጠብቃለሁ።»

ጠበቀች። ጥቁሩ ጫማ ንቅንቅ አላለም። ቡናማው ተነሳ፣ ዞረ፣ መስኮቱ ጋ ደረሰ፣ ተመለሰ። ስልክ ጮኸ፣ አልተነሳም። ዳቦ ቤቱ ፊት ላይ ያለው ሳሙና ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጠቀ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመስለኛል፣ ዳቦ ቤቱ ግን ሃያ ደቂቃ ነው ይላል፣ የብዕር ጭረት ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በሩ ድንገት ተከፈተና ሁለታችንም ወደ ውስጥ ወደቅን። እህቴ በላያችን ተራምዳ ወጣች።

ቤት ስንደርስ ገና አልመሸም ነበር። አባቴ ኮቱን እንደለበሰ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል፤ ሬዲዮው ፊቱ ነው፣ ጠፍቷል። እህቴ ወረቀቱን ከላስቲኩ አውጥታ ፊቱ አኖረችው፣ የዛሬ ስምንት ወር ደብዳቤውን እንዳኖረችው። መነጽሩን አደረገ። እኔ መስመሬን ዘረጋሁ፤ «አባባ፣ ወድቃለች የሚለው እንኳ የወግ ነው፣ ብጣሽ ላይ ትእዛዝ ጽፎላት ኪሷ ከተተችበት፣ ሰውየው እንባ እየተናነቀው...»

«አንተ ዝም በል» አለኝ።

ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ድሮ ፍርድ እንደሚያነብ ሰው አነበበ። «ተማሪዋ ያላየችውን ነገር አላየሁም ትላለች። ስለዚህ ለዚህ ሥራ አትሆንም።» ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። ሁለተኛ አነበበው። ከዚያ መነጽሩን በግንባሩ ላይ ሰቀለና፣ በእኔ በኩል ሳይሆን፣ አየሩን ሰንጥቆ፣ ቀጥታ ተናገራት።

«አንቺ። ብጣሿስ?»

እህቴ ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። አባቴ መሳቢያ ከፍቶ መርፌ ቁልፍ አወጣ፤ ብጣሿን ከወረቀቱ ጀርባ አያይዞ፣ በማስመሪያ ልክ ዳር ዳሩን አስተካክሎ፣ ጥግ ላይ በእርሳስ «አባሪ፣ አንድ ገጽ» ብሎ ጻፈ። «መዝገብ ከነአባሪው ነው የሚቀርበው» አላት። «በቃል ያለ ይረሳል። ጠዋት እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ተቀብለናል የሚል ፊርማ ሳይሰጡሽ ከመስኮቱ እንዳትነሺ።»

«ቢያስደግሙኝስ?»

«ትደግሚያለሽ» አለ። «ይህን እያሳየሽ ትደግሚያለሽ።»

እኔን ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሳይዘጋ ቅጂ አስነሳ ብሎ ሰደደኝ፤ ለአንድ ገጽ የሁለት ዳቦ ዋጋ ነው የሚጠይቁት፣ ዳቦ ቤቱ ከፈለ። ስመለስ አባቴ የእህቴ የመጀመሪያ ዲግሪ ካለበት ክፈፍ አጠገብ ሚስማር መትቶ ጨርሷል። ቅጂው እዚያ ተሰቀለ። ወድቃለች የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ የሰቀለ ቤት በከተማው የእኛ ብቻ ነው፤ ይህን አጣርቻለሁ፣ እሺ፣ አላጣራሁም።

ከዚያ እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ካፖርቶቹን ወደ ጎን ገፋች።

«ግባ» አለችኝ።

«ምን ልሠራ?»

«ያን የግንቡን ጨዋታ አስተላልፍ። ያየኸውን ብቻ።»

ልስቅ ነበር። ዳቦ ቤቱ በሩ ላይ ቆሟል፣ አባቴ መዶሻውን እንደያዘ ያየኛል፤ የሚስቅ አጣሁ። ገባሁ። በሩ ተዘጋ። ጨለማ ነው፣ የአባቴ ካፖርት ፊቴን ያክከኛል፣ የድሮ ወረቀት ወረቀት ይሸታል። አራት ለሦስት ልላት ምላሴ ተንቀሳቀሰ፤ ግብ ጠባቂው፣ ኮፍያው፣ የዳኛው እንባ ሁሉም ተሰልፈው መጡ። ልብስ ድምፅ ይበላል ያሉት እውነት ነው፤ ገና ሳልናገራቸው በላቸው።

«ግንቡ ረጅም ነበር» አልኩ። «ጫፉን በጣቴ ነክቼዋለሁ እንጂ ራሴ አላለፈም። ጩኸት ሰምቻለሁ፤ ለምን እንደጮኹ አላውቅም። ጉልበቴ ተልጦ ነበር። ልመለስ ስል ኳሷ ከግንቡ በላይ ወጣች። ነጭ ነበረች። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወረደች። ሌላ አላየሁም።»

ከውጭ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ለእኔ አይደለም።

«ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?» አላት።

«ገና አሁን ጀመረ» አለችው።